ሃይኤሳችንን ማደሪያ አድርገናታል፤ ለባሌና ለቱርሚ መንገድ ምን ጎማ፣ ምን ቸርኬ ይሻላል?

የጉዞ_እመቤት፦

ሰላም ቤተሰብ። እኔና ባለቤቴ የ200 ሞዴል ሃይኤሳችንን ወንበሯን አውጥተን ማደሪያ አድርገናታል። አልጋ፣ 80 ሊትር የውሃ ታንከር፣ ትንሽ ፍሪጅና ተጨማሪ ባትሪ አላት። ጣሪያዋ ላይ ሶላር አለ። ናፍጣ ናት። የምትነዳው በኋላ እግሯ ብቻ ነው፤ ፎር ዊል የላትም።

ክረምቱ ሲወጣ በዲንሾና በጎባ አድርገን፣ ሳነቴን ተሻግረን ሃረና መውረድ እንፈልጋለን። ሌላ ጊዜ ደግሞ በአርባ ምንጭና በኮንሶ ወደ ቱርሚ። አሁን ያለው ጎማ 195 አር 15 ሲ ነው (ስፋቱ 195 ሚሊ ሜትር፣ ለ15 ኢንች ቸርኬ፣ ሲ ማለት የጭነት ጎማ)፤ አልቋል። ጎማ ተራ ወጥተን አንዱ ነጋዴ 235/75 አር 15 ኦል ቴሬን፣ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆን ጎማ አሳየን። ሌላው ያገለገለ የፕራዶ አሉሚኒየም ቸርኬ ከነ265/70 አር 16 ጎማው አመጣና "ቁጭ ነው የሚለው፣ ቀዳዳው አንድ ነው" አለን። የባለቤቴ ልብ እዚያው ቀርቷል። እውነት ለመናገር ያምራል። እኔ ግን ደስ አላለኝም፤ ለምን እንደሆነ ግን ማስረዳት አልቻልኩም። እስቲ አስረዱልኝ።

ጋሽ_ቸርኬ፦

እህቴ፣ ጥርሱን ከማየታችሁ በፊት ጎኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የእናንተ መኪና ባዶ ሚኒባስ አይደለችም፤ ጭነቷን ሌት ተቀን ተሸክማ የምትዞር ናት። ሚኒባስ ሰው ያወርዳል፣ ይቀልለዋል። አልጋና ታንከር ግን አይወርድም።

አሁን ያለው 195 አር 15 ሲ ላይ 106/104 ወይም 107/105 የሚል ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ቁጥር የእናንተ ነው። ሁለተኛው እንደ አይሱዙ ከኋላ ጥንድ ጎማ ላለው መኪና ነው። 106 ማለት አንዱ ጎማ 950 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። 104 ደግሞ 900፣ 100 ደግሞ 800። ኦል ቴሬን የሚባለው ጎማ አብዛኛው የሚሠራው ለፒክአፕና ለቤት መኪና ስለሆነ ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይወርዳል። ኤልቲ (ለቀላል የጭነት መኪና) የሚል ስላያችሁ ብቻ አትመኑ። 215/75 አር 15 ኤልቲ ሆኖ 100/97 የተጻፈበት አለ። ፊቱ ጉልበተኛ ይመስላል፣ አቅሙ ግን ከነባሩ ጎማችሁ በ150 ኪሎ ያንሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ መኪናዋን አስመዝኑ። ውሃው ሙሉ፣ ናፍጣው ሙሉ፣ እናንተም ውስጥ ሆናችሁ። የከባድ መኪና ሚዛን ላይ የፊት እግሯን ለብቻ፣ የኋላውን ለብቻ። ያንን ይዘሽ ተመለሺና እንነጋገር።

የፕራዶውን ቸርኬ በተመለከተ ነጋዴው ግማሹን እውነት ነግሯችኋል። ቀዳዳው 6 ነው፣ የቀዳዳዎቹ ክብ 139.7 ሚሊ ሜትር ነው፣ የመሃሉ ቀዳዳም 106 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ይገባል። ያልነገራችሁ ኦፍሴቱን ነው፤ ቸርኬው የሚታሰርበት ፊት ከስፋቱ መሃል በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚርቅ ማለት ነው። የሃይኤስ ቸርኬ 35 ነው። የምትገዙት 15 ቢሆን ጎማው በ20 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። መሪ ስትጠመዝዙ ፓራፋንጎውን ይፈጫል፣ ኩሽኔታውንም ያለ ዕድሜው ይበላዋል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ቸርኬው ላይ ታትሟል፤ ኢቲ ከሚለው ቀጥሎ ፈልጉት።

ሚሊሜትር፦

ጋሽ ቸርኬ ያልነካውን ቁመቱን ላስላ። 195 አር 15 ቁመቱ 693 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 235/75 አር 15 ወደ 733 ይሆናል፣ 6 በመቶ ገደማ ይረዝማል። የፕራዶው 265/70 አር 16 ደግሞ 777 ነው። 12 በመቶ! ስፒዶ ሜትሩ 100 ሲል እናንተ 112 ትበራላችሁ። ማርሹ ሁሉ ይከብዳል፤ ዳገት ላይ በሁለተኛ የምትወጣው በአንደኛ ይሆናል። ፍሬኑም ያው የድሮው ፍሬን ነው። ባለቤትሽን ይህን አሳዪውና ልቡን ይመልስ።

እኔ የምለው 225/70 አር 15 ሲ ነው። ቁመቱ 696 ነው፤ ከነባሩ ጋር በ3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይለያያል። 112/110 የተጻፈበትን ካገኛችሁ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል። በዚህ ልክ ኦል ቴሬን ጥርስ ያለው ይሠራል። አንድ ነገር ግን፦ የቸርኬያችሁን ስፋት እዩ። 6 ጄ (6 ኢንች ስፋት) ከሆነ 225ን ይቀበላል። 5 ተኩል ከሆነ ጠባብ ነው፤ ተዉት።

የባሌ_ሹፌር፦

እኔ በዚያ መስመር ስመላለስ ኖሬያለሁ። ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው የምትነዱት፤ እዚያ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ነው። እዚያ ጎማ የሚያጠፋው ጭቃ ሳይሆን ሹል ድንጋይ ነው፤ ከመሃሉ ይልቅ ጎኑን ነው የሚቀድደው። ኦል ቴሬን ከተራ ጎማ የሚሻልበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው፤ ጎኑ ወፍራም ሲሆን፣ ጥርሱም ቶሎ የማይሸራረፍ ሲሆን።

ጭቃ ላይ ግን ተስፋ አታድርጉበት። ዋልካ ከያዛችሁ ኦል ቴሬንም ተራውም አንድ ነው። የጥርሱ ክፍተት በአንዴ ይሞላል፣ ከዚያ ጎማው እንደ ዱባ ለስላሳ ሆኖ ይሽከረከራል። ለጭቃ ተብሎ የሚሠራው ባለ ትልቅ ጥርሱ ትንሽ ይሻላል፣ ግን አስፋልት ላይ ጆሮ ያደነቁራል፣ ነዳጅም ይበላል። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ አብዛኛው መንገዳችሁ አስፋልት ነው። በኋላ እግር ብቻ ለምትነዳ መኪና ለዋልካ መድኃኒቱ ፀሐይ ነው። ቁሙ፣ ቡና አፍሉ፣ እስኪጠገግ ጠብቁ። ደግሞስ ቤታችሁን ይዛችሁ አይደል የምትዞሩት?

ዴንቨር_ያለሁት፦

እኔ እዚህ ኮሎራዶ ፎርድ ትራንዚት አለኝ፣ እንደ እናንተው ማደሪያ አድርጌዋለሁ። የእኔ ቀዳዳ 5 ሆኖ ክቡ 160 ነው፤ የሚገጥመው የቸርኬ ዓይነት ጥቂት ነው። የቶዮታ 6 ቀዳዳ በመሆኑ ታድላችኋል።

እኔ ኦል ቴሬን ስገዛ ተራራና የበረዶ ቅንጣት የታተመበትን ነው የፈለግኩት። እዚህ አይ-70 አውራ ጎዳና ላይ በበረዶ ወራት ስለ ጎማ ሕግ አለ። ያ ምልክት ለእናንተ ምንም አይጨምርም፤ ነጋዴ በሱ ሰበብ ዋጋ ቢቆልል እሺ አትበሉ። ከእኔ የምትወስዱት አንድ ነገር ኮምፕሬሰር ነው። በሲጋራ መለኮሻው የሚሠራውን ትንሹን ተዉት፣ ፊውዙን ያቃጥላል፣ የቫን ጎማ ለመሙላትም ዕድሜ ይፈጃል። በቀጥታ ባትሪ ላይ የሚቆነጠጠውን ግዙ።

ቁጠባ_ያዋጣል፦

እኔ አልስማማም። አገሩን የሚያዞሩት ሃይኤሶች በምን ጎማ ነው የሚሄዱት? በተራው ባለ 8 ፕላይ (የጥንካሬ ደረጃው ነው) 195 አር 15 ሲ! አዲስ 195 ይግዙ፣ በተረፈው ገንዘብ ሁለተኛ ስኮርታ፣ አካፋና ጥሩ ክሪክ ይግዙ። ቱርሚ መንገድ ላይ ሁለት ጎማ በአንድ ቀን ቢፈነዳ ጥርሱ አያድንም።

ጋሽ_ቸርኬ፦

ቁጠባ ያለው መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ኦል ቴሬኑ በልኩ ካልተገኘ እኔም ያንኑ ነው የምለው። በአቅም ዝቅ ከማለት በጥርስ ዝቅ ማለት ይሻላል።

የጉዞ_እመቤት፦

አስመዘንናት። ፊት 1,320፣ ኋላ 1,640 ኪሎ። ቸርኬው ላይ 6 ጄ ይላል። የፕራዶው ነገር ባለቤቴ ሚሊሜትር የጻፈውን አንብቦ ዝም ብሏል፤ ዝምታው ስምምነት መሆኑን አውቃለሁ። አሁን የምጠይቀው ስለ አሉሚኒየምና ስለ ብረት ቸርኬ፣ እና ስለ ንፋስ ነው።

ጋሽ_ቸርኬ፦

በርቱ። 1,640 ለሁለት ሲካፈል 820 ነው። ያ 100 የተጻፈበት ጎማ 800 ብቻ ስለሚችል፣ እሱን ብትገዙ ኖሮ ቆማችሁም ከልኩ በላይ ትሆኑ ነበር። 112 ላይ ግን በአንድ ጎማ 300 ኪሎ ትርፍ አላችሁ። መንገዱ ሲያዘነብል ክብደቱ ወደ አንዱ ጎን ይሄዳልና ትርፉ ያስፈልጋችኋል። አጠቃላዩን 2,960ም በሩ ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ጋር አስተያዩት፤ ካለፈ ጎማ አያስተካክለውም፣ ዕቃ መቀነስ ነው።

ቸርኬ ብረት ይሁን። ብረት ሲመታ ይጎብጣል፣ ቱርሚም ቢሆን በመዶሻ ይመለሳል። አሉሚኒየም ይሰነጠቃል፣ ያኔ ጉዞው አበቃ። አሉሚኒየም ካላችሁ ደግሞ ዳዶው ይለያል፦ የቶዮታ የራሱ አሉሚኒየም ዳዶ ጠፍጣፋ ቀለበት አለው፣ የብረቱ ግን ሾጣጣ ነው። ስኮርታው ብረት ሆኖ በአሉሚኒየሙ ዳዶ ብታስሩት ይላላል።

ንፋሱን ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ለኩ። ጎማው ያን ሁሉ ኪሎ የሚችለው ጎኑ ላይ በተጻፈው ሙሉ ንፋስ ነው፤ ባለ 8 ፕላይ ሲ ጎማ ላይ ብዙ ጊዜ 65 ፒኤስአይ ይላል። መነሻችሁ በሩ ላይ ያለው ቁጥር ይሁን፣ ለጭነቱ ኋላውን ከፍ አድርጉ፣ ጎኑ ላይ ያለውን ግን አትለፉ። የደረቀ ወንዝ አሸዋ ላይ ከሰመጣችሁ 35 አካባቢ አውርዱ፣ በእግር ፍጥነት ውጡ፣ ወዲያው ሙሉት። በቆላ ሙቀት፣ ጭነት ይዞ፣ በጎደለ ንፋስ አስፋልት ላይ መብረር ነው ጎማ የሚያፈነዳው።

የጎሚስታ_ልጅ፦

ሁለት ነገር ልጨምር። ስትገዙ ዶት ከሚለው መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ዓመቱ በፈረንጅ ነው። መጋዘን ውስጥ አርጅቶ እንደ አዲስ የሚሸጥ ሞልቷል። ሁለተኛ፣ ገጠር ጎሚስታ ጋ ቱቦ አልባውን ጎማችሁን ፈትቶ ካላማዳሪ ላስገባ ቢላችሁ፣ ቀዳዳው ጥርሱ ላይ ከሆነ በመውጊያ የሚገባውን የሚያጣብቅ ክር ተጠቀሙ፤ ጎማው ከቸርኬው ሳይወጣ ያልቃል። ጎኑ ከተቀደደ ግን ክሩም አይሠራም፣ ስኮርታ አውጡ።

የጉዞ_እመቤት፦

ገባኝ፣ እግዜር ይስጥልን። አምስት 225/70 አር 15 ሲ እንፈልጋለን፣ አምስተኛው ለስኮርታ።

ሚሊሜትር፦

ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት አንዱን ከቸርኬ ጋር አስገጥሙና ከኋላ ሥር ባለው የስኮርታ ቦታ ሰቅላችሁ እዩት። 225 ከ195 በ30 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ቁልቁል ከተንጠለጠለ ድንጋይ ይመታዋል። ካልተመቸ ስኮርታውን ብቻ 195 አድርጉት፤ ቁመቱ አንድ ስለሆነ እስከ ጎሚስታ ያደርሳችኋል።