ሰልባጅ ልብስ ለመግዛትም ለመሸጥም፦ ምን ምን ይታያል?

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ ለገቡ ቤተሰቦች የሚሆን ምክር እየተሰበሰበ ነው። ከሰልባጅ ቤት ካፖርት፣ ሹራብና የልጆች ልብስ ሲገዛ ዓይን መጀመሪያ የት ማረፍ አለበት? ቤት ከገባ በኋላስ ምን ይደረግ? የማይለበሰውን መልሶ መሸጥ ይቻላል? የምታውቁ በዝርዝር ብትጽፉልን።

* * *

እህቴ፣ ማርካውንም ዋጋውንም በኋላ ትደርሺበታለሽ። ልብስ የሚያልቅባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸውና እጅሽ በቀጥታ ወደነሱ ይሂድ። ሸሚዝ ከሆነ አንገትጌው፣ የእጅጌው ጫፍና ብብቱ። ሱሪ ከሆነ በጭኖቹ መካከልና መቀመጫው፤ እጅሽን ከውስጥ አስገብተሽ ወደ መብራት ስታነሽው የሳሳው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል። እንዲህ የሳሳ ሱሪ ቢጣፍም ከጥፉ ጎን መቀደዱ አይቀርም፣ ተዪው። ካፖርት ከሆነ የኪሶቹን ማዕዘንና ገበሩን እዪ። በስፌት ላይ የተተረተረ ገበር በመርፌ ይመለሳል፤ ጨርቁ ራሱ የተበጣጠሰ ከሆነ ግን ሙሉ ገበር መቀየር ነው።

ዚፑን ከታች እስከ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አስኪጂው። የላላው የሚንሸራተተው ብረት ብቻ ከሆነ ቀላል ነው። ጥርሱ ከጎደለ ግን ሙሉው ይቀየራል፣ ለካፖርት ደግሞ የፊቱን ስፌት ፈትቶ መልሶ መስፋት ስለሚጠይቅ የልብስ ሰፊው ክፍያ ከካፖርቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የጎደለ ቁልፍ አያሳስብሽ፤ ብዙ ጊዜ ከውስጥ በኩል ትርፍ ቁልፍ ተሰፍቶ ይገኛል።

ሦስት ነገር ግን በምንም ዋጋ አትግዢ። አንደኛው መላላጥ የጀመረ ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው፤ ከላይ የተቀባው ፕላስቲክ ከጨርቁ መላቀቅ ከጀመረ አይቆምም። ሁለተኛው በሙቅ ውኃ ታጥቦ የተኮማተረ ሱፍ ነው፤ ክሩ እርስ በርሱ ተቆላልፎ እንደ በርኖስ ስለሚጠጥር ወደነበረበት አይመለስም። ሦስተኛው ላስቲኩ የሞተ ልብስ ነው፤ ወገቡን ስበሽ ስትለቂው ካልተሰበሰበ ወይም ስፌቱ ሞገድ ከሠራ አልቋል። ጫማ ላይ ደግሞ ሶሉን አጥፈሽ ሞክሪ። የፖሊዩረቴን (እንደ ስፖንጅ ያለ ቀላል ፕላስቲክ) ሶል ሳይጫሙት በመደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ እንኳ ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ከውስጥ ይፈርሳል፤ ላዩ አዲስ መስሎ ሁለት ቀን ሳይቆይ የሚፈረፈረው ለዚህ ነው።

ልኩን ከተጻፈው ቁጥር አትውሰጂ፤ ቁጥሩ እንደ ፋብሪካውና እንደ ዘመኑ ይለያያል። ሜትር ያዢ። የሚስማማሽን ልብስ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ከብብት እስከ ብብት፣ ከትከሻ እስከ ትከሻና የሱሪውን የውስጥ እግር ለክተሽ ጻፊና ሱቅ ውስጥ ከዚያ ጋር አመሳክሪ። ካፖርት ከሹራብ በላይ ስለሚለበስ የደረቱ ዙሪያ ከሰውነትሽ ልክ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይብለጥ። ወገብና ርዝመት ይስተካከላሉ። ትከሻ ግን እጅጌውን ነቅሎ መሥራት ስለሚፈልግ ትከሻው ያልተስማማሽን ልብስ መልሺው።

* * *

ወንድሜ ያለው በሙሉ ልክ ነው። ስለ ማጽዳቱ ልጨምር። የተገዛው ልብስ በታሰረ ፌስታል እንዳለ ወደ ማጠቢያው ይግባ፤ አልጋም ሶፋም ላይ አይዘርጋ። ትኋን በስፌት መታጠፊያ ውስጥ ይደበቃል፣ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁም የእሱ ምልክት ነው። የሚገድለው ሙቀት እንጂ ሳሙና አይደለም፦ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት 30 ደቂቃ። ማሽኑን አታጭቁት፤ ከተጨናነቀ ሙቀቱ መሃል አይደርስም።

ሙቀት የማይችለውን ሱፍና ሐር በላስቲክ አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያንስ 4 ቀን አቆዩት። ለብልም ይኸው ይሠራል። የትኛው ሙቀት እንደሚችል የልብሱ ምልክት ይናገራል፦ በአራት ማዕዘን ውስጥ ያለ ክብ የማድረቂያ ማሽን ነው፣ አንድ ነጥብ ዝቅተኛ ሙቀት፣ ሁለት ነጥብ መደበኛ፤ በላዩ መስቀል ካለበት ማሽን አይነካውም። ብቻውን ያለ ክብ ላውንድሪ የሚወሰድ ማለት ነው። የውኃ ሳህን ላይ እጅ ከተሣለ በእጅ ብቻ ይታጠባል።

ምልክቱ የተቆረጠ ከሆነ ከውስጥ ስፌት አንድ ክር መዝዛችሁ ቤት ውስጥ አቃጥሉ። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር ጠብታ ይሆናል።

የሻገተ ሽታ ላለው አንድ እጅ ነጭ ኮምጣጤ በአራት እጅ ውኃ፣ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፎ ማጠብ ነው። ኮምጣጤና በረኪና ፈጽሞ አትቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የብብት ቢጫ እድፍ ላይም በረኪና አታፍስሱ፤ ላብና የዲዮዶራንት አልሙኒየም የሠሩት ስለሆነ ይብስበታል።

* * *

መሸጥን በተመለከተ፦ መጀመሪያ ሱቁ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ። የበጎ አድራጎት ሱቅ በልገሳ ብቻ የሚቀበል ስለሆነ ገንዘብ አይጠበቅም። ሌላው ወዲያው አይቶ ይገዛል፤ ጥሬ ገንዘብ ወይም እዚያው ሱቅ ዕቃ ብቻ የሚገዛበት ክፍያ ያስመርጣል፣ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። ሦስተኛው በአደራ ይይዛል፣ ሲሸጥ ድርሻችሁን ይሰጣል። እዚህ ላይ ሳትፈርሙ አራት ነገር ተረዱ፦ ድርሻው ስንት እጅ ነው፣ ስንት ቀን ይቆያል፣ ዋጋው በመሃል ይቀነሳል ወይ፣ ያልተሸጠውስ የማን ይሆናል? ቀኑ ካለፈ ልብሱን የሱቁ ንብረት የሚያደርግ ውል አለ፤ ሰው የሚጎዳው ይህን ሳያነብ ነው።

ተቀባዩ የሚያየው ከላይ እህታችን ስትገዛ እንድታይ የተነገራትን ነው፤ ብብት፣ አንገትጌ፣ ዚፕ። ላዩ ላይ ትንንሽ የክር ቋጠሮ የሠራ ሹራብ ቶሎ አልቀበልም ይባላል፤ በጠፍጣፋ ቦታ ዘርግታችሁ በቋጠሮ ማንሻ ማሽን አጽዱት። ሽቶ አትርጩበት፣ የሸሸጋችሁት ነገር ያለ ያስመስላል። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ቁልፉ ተቆልፎ በሥርዓት ይቅረብ። በቆሻሻ ከረጢት ታጭቆ የመጣ ልብስ ደህና ቢሆንም በንቀት ዓይን ይታያል። ወቅትም አለው፦ ካፖርት የሚፈለገው ብርዱ ከመግባቱ አንድ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው፤ ብርዱ ሲያልቅ ይዞ መሄድ ድካም ነው። መግዣው ግን ያኔ ነው፣ ሱቆቹ ቦታ ለማስለቀቅ ይቀንሳሉና።

* * *

የልጆቹ ተረሳ መሰለኝ። በቆብና በአንገት ዙሪያ ያለውን ማጥበቂያ ገመድ ከማልበሳችሁ በፊት ጎትታችሁ አውጡ። በመጫወቻ መንሸራተቻና በመኪና በር ተይዞ ሕፃን ያንቃል። የላላ ቁልፍም በጠንካራ ክር ዳግም ይሰፋ፣ ትንንሾቹ ነቅለው ወደ አፋቸው ያስገቡታልና።