«15 ሺህ ድረስ አትንካው»? እስቲ እንነጋገር

ጠያቂው፦ ትናንት አንዱ እዚህ «ሲንተቲክ የሚባለውን የሞተር ዘይት ካስገባህ 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ድረስ አትንካው» ብሎ ሲመክር ላይክ ጎረፈለት። አትንካው ማለት ምንድነው? የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ ማየትም ክልክል ነው? ሞተር አውርዶ የሚሠራ መካኒክ እንዲህ ዓይነት ምክር ይወዳል፤ ሥራ ያመጣለታላ።

ባለ ቱርቦ፦ ያልኩት እኔ ነኝ። ስሜን ጥራ እንጂ «አንዱ» ምንድነው? ከኪሴ አላወጣሁትም። የመኪናዬ ማኑዋል 15 ሺህ ወይም አንድ ዓመት ይላል። ሞተሩን ከሠሩት መሐንዲሶች ትበልጣለህ?

ጠያቂው፦ «ወይም አንድ ዓመት» የምትለዋ ትናንት የት ነበረች? ዋጥካት። ደግሞ ማኑዋሉን ገለጥ አድርገው። «ከባድ አጠቃቀም» የሚል ክፍል አለ፦ አጭር ጉዞ፣ አቧራ፣ ሞተር አስነስቶ መቆም፣ ተጎታች መጎተት። እዛ ጋ ርቀቱ ብዙ ጊዜ በግማሽ ይወርዳል።

ባለ ቱርቦ፦ የኔ ረጅም መንገድ ነው። አትንካው ያልኩት ለዛ ነው።

ጠያቂው፦ ለዛ መሆኑን ግን አልጻፍክም። «አትንካው» ብለህ ነው የዘጋኸው።

የጋራዥ ልጅ፦ ተረጋጉ። ዘይቱን የሚገድለው ኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም። አስነስተህ አምስት ደቂቃ ነድተህ የምታጠፋው ሞተር በደንብ አይሞቅም። ያልተቃጠለ ነዳጅና ውሃ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ሙቀት ስለሌለ አይተንም፣ እዛው ይጠራቀማል። ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ሞተር ላይ ይብሳል። መለኪያውን መዝዛችሁ አሽትቱት። ቤንዚን ቤንዚን ካለና ልኩም ከነበረበት ከፍ ካለ «ዘይቴ አይጎድልም» ብላችሁ እንዳትኮሩ። የጨመረው ነዳጅ ነው፤ ዘይቱ ቀጥኗል። ሲንተቲክ መሆኑ ከዚህ አያድነውም።

ሰብለ፦ አሁን ገና ሰው ተናገረ።

ነባሩ ሹፌር፦ እኔ ሲንተቲክ ምናምን አላውቅም። በ5 ሺህ እቀይራለሁ፣ ሞተሬ ተከፍቶ አያውቅም። ዘይት ጠቆረ ማለት አለቀለት ማለት ነው። በቃ።

ሰብለ፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መጥቆሩ ብቻውን ምንም አይናገርም። ዘይቱ ውስጥ ያለው አጣቢ ኬሚካል ጥላሸቱን ይዞ ስለሚዞር ነው የሚጠቁረው። ሥራውን እየሠራ ነው። ናፍጣ ሞተር ላይማ ገና ከመቀየሩ ይጠቁራል።

ነባሩ ሹፌር፦ እንግዲህ እናንተ በጽሑፍ፣ እኔ በመሪ።

ባለ ቱርቦ፦ ሲንተቲክ በ5 ሺህ የሚደፋ ሰው ብሩን ነው የሚደፋው። ሙቀት ይችላል፣ ብርድ ላይ ቶሎ ይፈሳል። ቱርቦ ውስጥ፣ ማለት አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ክፍል ውስጥ፣ ተራው ዘይት ተቃጥሎ ሲጋገር ይሄኛው ይቋቋማል።

ጠያቂው፦ የቱ ሲንተቲክ? ከድፍድፍ ነዳጅ ወጥቶ በሃይድሮጅን የታከመውም በዚሁ ስም ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 የዘይት ኩባንያው ሞቢል አሜሪካ ውስጥ ተፎካካሪውን ካስትሮልን በዚሁ ጉዳይ ማስታወቂያ ለሚዳኘው አካል ከሶ ተረታ። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን አይተህ 15 ሺህ መሄድ ጀግንነት ነው።

ባለ ቱርቦ፦ እሱም ቢሆን ጥሩ ዘይት ነው። ዋናው ማኑዋሉ የሚጠይቀውን ደረጃ ማሟላቱ ነው። ታሪክ አታስተምረኝ።

የጋራዥ ልጅ፦ በደረጃው እስማማለሁ። ግን ሲንተቲክ የሆነው መሠረቱ ነው፣ ኬሚካሎቹ የሚጨመሩበት ዋናው ዘይት። አሲድ የሚያመክነውና አጣቢው ኬሚካል የትኛውም ዘይት ውስጥ ያልቃል። ዘይቱን የሚያጣራው ፊልትሮስ? ርካሽ ፊልትሮ አስገብቶ 15 ሺህ የሚል ሰው አይገባኝም።

ባለ ቱርቦ፦ እሺ፣ ናሙና ላብራቶሪ ልኬ አስመረምራለሁ። ያኔ ዝም ትላላችሁ?

ጠያቂው፦ ናሙና ለመውሰድ ትነካው የለ እንዴ?

ባለ ቱርቦ፦ ከአንተ ጋር ክርክር አይቻልም።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ሳልረብሻችሁ 0 ደብሊው 20 ነው ወይስ 5 ደብሊው 30 የሚሻለው?

የጋራዥ ልጅ፦ ማኑዋልህ ምን ይላል?

አዲስ ገቢ፦ መኪናውን ስገዛ ማኑዋል አልነበረውም።

ነባሩ ሹፌር፦ ይኸው! ልጄ፣ በ5 ሺህ ቀይር፣ ተገላገል።

ባለ ቱርቦ፦ እንዳትሰማቸው።

ሰብለ፦ ልጁ የጠየቀው ውፍረቱን ነው፣ መቼ እንደሚቀየር አይደለም። ማንበብም ቀረ እንዴ?