ሰንሰሉ ጉበትን ተከላከለ ወይስ ፓራሲታሞሉ አልጎዳም?

ጠያቂ (ጎንደር)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሕዝባችን ለወፍ በሽታ የሚጠቀምበትን የሰንሰል (ስሚዛ) ቅጠል በአይጦች እየፈተንኩ ነው። ኤክስትራክቱን (ከቅጠሉ የወጣውን ንጥር) በዲኤምኤስኦ፣ ማለትም በኬሚካል ማሟሚያ፣ አሟሙቼ ሰጠኋቸው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጉበታቸው እንዲጎዳ ፓራሲታሞል 300 ሚሊግራም በኪሎ በአፍ ሰጠሁ። አይጦቹ እንደበሉ ነበሩ። በ48 ሰዓት ደም ስወስድ የመርዝ ብቻ (ያለ ቅጠሉ ፓራሲታሞል የወሰደው) ቡድን ኤኤልቲ (ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምር ኢንዛይም) እምብዛም አልጨመረም፤ ኤኤስቲ (በጉበትም በቀይ የደም ሴልም ያለ ኢንዛይም) ግን ከፍ ብሏል። ምን ላስተካክል?

ፋርማኮሎጂ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ዲኤምኤስኦውን ተወው። ጉበትን የሚጎዳው የጉበት ኢንዛይም ፓራሲታሞልን ሲቀይር የሚወጣው ናፕኪ የሚባል መርዛማ ውሁድ ነው። ዲኤምኤስኦ ያንኑ ኢንዛይም ስለሚያግድ የተከላከለው ቅጠሉ ይሁን ማሟሚያው አይታወቅም። በ2 በመቶ ትዊን 80 (ኤክስትራክቱን ከውሃ ጋር የሚያዋህድ ፈሳሽ) በጥብጥና ያንኑ ፈሳሽ ለሁሉም ቡድን ስጥ።

የጠገበ አይጥ ብዙ ግሉታታዮን (የጉበት መርዝ ማርከሻ) ስላለው ናፕኪውን ያከሽፈዋል። ከ12 እስከ 16 ሰዓት ምግብ ከልክል፤ ውሃ ግን አይቋረጥ። ፓራሲታሞሉን በሞቀ ሳላይን (የጨው ውሃ) 20 ሚሊግራም በሚሊሊትር አሟሙተህ ሆድ ዕቃ ውስጥ ውጋ፤ ለ25 ግራም አይጥ 0.375 ሚሊሊትር ይደርሳል። ከቀዘቀዘ ሲሪንጁ ውስጥ ነጫጭ ክሪስታል ይዘቅጥና ዶዙ ይጎድላል። ከፋርማሲ የተገዛ ክኒን ፈጭተህ አትጠቀም፣ ሌላ ማጣበቂያ አለበት። ወንድና ሴት አይጥም አትቀላቅል፤ ሴቶቹ በአብዛኛው ይቋቋሙታል።

ላብራቶሪ፦ ኤኤስቲ ብቻውን ከወጣ ሴረሙን (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚለየውን ፈሳሽ) እየው። ቀላ ካለ ቀይ የደም ሴል ፈርሷል፤ በቀጭን መርፌ በኃይል ሲሳብ ይሄ ይደርሳል። ደም በ24 ሰዓት ውሰድ፣ በ48 ኤኤልቲው መውረድ ይጀምራል። ሴረሙን በዚያው ቀን አንብብ፤ በ4 ዲግሪ ማቆየት ይቻላል፣ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ግን ኤኤልቲው ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋ የቀለጠ ናሙናማ ጭራሽ አይታመንም።

ፋርማኮሎጂ፦ አንድ የረሳሁት፦ መርዙን ከሰጠህ በኋላ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥቂት አይጦች ወስደህ የጉበት ግሉታታዮን ለካ። ኤክስትራክት የወሰዱት ግሉታታዮን ካልወረደ ሰንሰሉ ናፕኪ እንዳይፈጠር አግዶ ይሆናል። ከመርዙ 2 ሰዓት በኋላ ኤክስትራክት የሚወስድ ቡድን ጨምር፤ ያ ነው ለታማሚ የሚጠጋው። ለማነጻጸሪያ ኤን-አሴቲልሲስቴይን (የፓራሲታሞል መርዝ ማርከሻ መድኃኒት) ከሲልማሪን (ለጉበት ከሚሰጥ የዕፅዋት ንጥር) ይሻላል።

የዕፅዋት ክፍል፦ በክረምት የጎንደር እርጥበት ቅጠሉን ያሻግተዋል። ጥላ ውስጥ ስስ አድርገህ ዘርጋው፤ በእጅ ሲጨበጥ ካልተንኮሻኮሸ አትፍጨው። ውጤቱ ጥሩ ቢሆንም፣ ጉበት ሊጎዳ የሚችለውን የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሰንሰል ይጠጣ እንዳይባል አደራ። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ በዚያው ቀን መድኃኒቱን ወደሰጠው ጤና ጣቢያ ይሂድ።