ለሳንባ ሕመም የማስታገሻ ክብካቤ መቼ ይጀመራል?

ጥያቄ (ኩታበር)፦ ዕድሜዋን ሙሉ በኩበት ጭስ ስትጋግር የኖረችው እናቴ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም አለባት፤ ትንፋሽ ባጠራት ቁጥር በሌሊት መኪና ተኮናትረን ደሴ ድንገተኛ ክፍል እናደርሳታለን፣ ሲሻላት እንመለሳለን፣ ደግሞ ይብስባታል። የሕመም ስቃይን የሚያቀለው የማስታገሻ ክብካቤ ተስፋ ለተቆረጠበት ሰው ብቻ ነው?

መልስ (ነርስ፣ ኮምቦልቻ)፦ አላህ ያሽርልህ፣ ወንድሜ። በፍጹም፤ ከመደበኛው ሕክምና ጎን ለጎን በጊዜ ሊጀመር ይገባል። ትንፋሽ ሲያጥራት ወደ ፊት ዘንበል ብላ ክርኗን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ትቀመጥ፤ በአፍንጫዋ ስባ ከንፈሯን አሞጥሙጣ በቀስታ ታስወጣ፤ ፊቷንም አራግቡላት፤ ፍርሃቱ ራሱ ትንፋሽን ያባብሳልና አጠገቧ ሆናችሁ አረጋጓት። ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም ግራ ከተጋባች ግን ሳትዘገዩ ውሰዷት።

መልስ (ወልድያ)፦ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት አወሳሰዷን ባለሙያ ይይላት፤ ብዙ ሰው ከሳበ በኋላ ትንፋሹን አይዝም። የቡናው ከሰልና ዕጣኑም ከእርሷ ይራቅ።