14 ኮምፒውተር፣ 56 ተማሪ፣ ኢንተርኔት የለም፦ ፊዚክስን እንዴት ላስተምርበት?

ጥያቄ (የፊዚክስ መምህርት፣ ደቡብ ወሎ)
ውድ ባልደረቦቼ፣ በትምህርት ቤታችን 14 የሚሠሩ ኮምፒውተሮች አሉ፤ ክፍሉ ግን ከአይሲቲ ክፍለ ጊዜ ውጭ ተቆልፎ ይውላል። ርዕሰ መምህሩን ለምኜ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለፊዚክስ አስፈቅጃለሁ። ኢንተርኔት የለም፣ መብራት ይቆራረጣል፣ በአንድ ክፍል 56 ተማሪ አለኝ። የማስተምረው የኮረንቲ ዑደት ነው፤ በቤተ ሙከራችን አንድ እንኳ የሚሠራ አሜትር (የኮረንቲ መለኪያ) የለም። ልጆቹን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጬ ማስታወሻ ማስገልበጥ አልፈልግም። በምን ልጀምር?

መልስ (የአይሲቲ መምህር፣ ደሴ)
ኢንተርኔት አለመኖሩ አያሳስብዎት። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጃቸው፣ ፌት የሚባሉ ነፃ የሳይንስ ማሳያዎች አሉ። ከተማ ሲወጡ የኮረንቲ ዑደት መገጣጠሚያውን በፍላሽ ይዘው ይምጡ። አንድ ፋይል ነው፤ ያለ ኢንተርኔት በብራውዘር ይከፈታል። ተማሪው ሽቦ፣ አምፖልና አሜትር በማውዝ እየጎተተ ዑደቱን ራሱ ይገጥማል። በአማርኛ የተተረጎሙ ማሳያዎችም አሉ። ያረጀ ብራውዘር ስለማይከፍተው የአዲሱን መጫኛ አብረው ይያዙ፤ ፍላሹንም በጸረ ቫይረስ ያስፈትሹ።

መልስ (ጡረታ የወጡ መምህር፣ ጎንደር)
ልጄ፣ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲሰጥ ክፍል ውስጥ ነበርሁ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ ልጆቹ ባይገባቸውም «ቆይ» ብዬ የማስቆምበት መንገድ አልነበረኝም። እንግሊዝኛው ሲያመልጣቸው እያየሁ ጥግ መቆሜ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንቺ ግን ማቆምም መድገምም በእጅሽ ነው። ኮምፒውተሩ ሳይከፈት ሰሌዳው ላይ እንዲህ ጻፊ፦ «ሁለት እኩል አምፖሎች በተከታታይ ቢያያዙ የትኛው ይበልጥ ይበራል?» ሁሉም ግምቱን ከነምክንያቱ በደብተሩ ያስፍር። ብዙ ልጆች የመጀመሪያው አምፖል ኮረንቲውን የሚበላው ይመስላቸዋል። ከዚያ አሜትሩን ከአምፖሎቹ በፊት፣ በመካከላቸውና ከኋላቸው ያስገቡ። ቁጥሩ በሦስቱም ቦታ እኩል ሲሆንባቸው ይከራከራሉ፤ አታቋርጫቸው።

መልስ (የቤተ ሙከራ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር)
በአንድ ኮምፒውተር አራት ልጅ ይደርሳል። ማውዙ በየአምስት ደቂቃው እጅ ይቀይር፤ አለበለዚያ አንድ ደፋር ልጅ ይዞት ይቀራል፣ በተለይ ሴቶቹ ተመልካች ይሆናሉ። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ በዝቶ ኮምፒውተር ያቃጥላል። ለዚህ ጊዜ የባትሪ ድንጋይ፣ የእጅ ባትሪ አምፖልና ሽቦ ተዘጋጅቶ ይቆይ፤ ያዩትን በእጃቸው ይሥሩት።

ጠያቂዋ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለባትሪው ቅርብ የሆነውን አምፖል መርጠው ነበር። አሜትሩን ሲያዩ ክፍሉ በጫጫታ ተሞላ። መብራቱ መሃል ላይ ጠፋ፤ በባትሪ ድንጋዩ ቀጠልን። አንዲት ተማሪ ግን «ኮረንቲው ካልተበላ ድንጋዩ ለምን ያልቃል?» አለችኝ። ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠርኳት።

መልስ (ጡረታ የወጡ መምህር፣ ጎንደር)
ልጅቷን ሳሚልኝ! ኮረንቲው ዞሮ ይመለሳል፤ አምፖሉ ውስጥ ብርሃንና ሙቀት የሚሆነው ከድንጋዩ የመጣው ጉልበት ነው፤ እሱን የሚሰጠው ኬሚካል ሲያልቅ ድንጋዩም ያልቃል። አንቺ ግን ቀድመሽ አትንገሪያት። እዚያው ማሳያ ላይ ቮልትሜትር (የቮልቴጅ መለኪያ) አለ፤ በየአምፖሉ ጫፍና ጫፍ ታስለካ፣ ድምሩንም ከባትሪው ጋር ታስተያይ።