ናፍጣ አውቶሞቢልን ከከተማ ማገድ ልክ ነው? (ክርክር)

ርዕሱን ያነሳው፣ ከሽቱትጋርት፦

ሰላም ወገኖች። እዚህ ሽቱትጋርት ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ የጭስ ደረጃቸው ዩሮ 4 እና ከዚያ በታች የሆነ ናፍጣ መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክለዋል (ዩሮ 4፣ 5፣ 6 የአውሮፓ የጭስ ደረጃዎች ናቸው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ደረጃው አዲስና ጥብቅ ነው)። ከጁላይ 2020 ወዲህ ደግሞ መሃል ከተማው፣ ባድ ካንሽታት፣ ፎየርባኽና ሱፈንሃውዘን ለዩሮ 5ም ዝግ ሆነዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሙኒክም በ2023 ዩሮ 4ን ከቀለበት መንገዷ ውስጥ አስወጣች። ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ጉዳዩ ይነሳል፣ ሳያልቅ ደግሞ ይበተናል። እስቲ ዛሬ በደንብ እንየው።

በባዶ እንዳንከራከር አንድ መኪና እንያዝ። ፓሳት ሴዳን፣ በ2014 መጨረሻ የወጣው ስምንተኛው ትውልድ፣ ባለ 2.0 ናፍጣ። ሞተሩ 1968 ሲሲ ነው። 150 የፈረስ ጉልበትና 340 ኒውተን ሜትር ቶርክ አለው፤ ቶርኩን ገና ከ1750 ዙር ጀምሮ ይሰጣል። ሳልባትዮው 66 ሊትር ይይዛል። የኋላ ዕቃ መጫኛው 586 ሊትር ነው፤ የሦስት ልጆች ሻንጣና የሕፃን ጋሪ ይውጣል። አውቶባን ላይ ረጋ ብሎ ለሚነዳ ሰው በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ተኩል ገደማ ይበቃዋል። አንዴ ከሞሉት ከሽቱትጋርት በርሊን ደርሶ ለመመለስ የሚጎድለው ትንሽ ነው።

እንዲህ ያለ መኪና ለቤተሰብ እጅግ ጠቃሚ ነው። እኔ ግን እገዳውን እደግፋለሁ። የማልደግፈው መስመሩ የተሰመረበትን ቦታ ነው፤ ሂሳቡ በገዢው ላይ መውደቁም ያናድደኛል። እናንተስ?

የታክሲ ሹፌሩ፦

ወንድሜ፣ እኔ አልደግፍም። ምክንያቴንም በግልጽ እነግርሃለሁ። መኪናዬን ስገዛ አረንጓዴ ስቲከር ተለጥፎልኛል። መንግሥት ራሱ «ይህ ንጹሕ ነው፣ በየከተማው ግባ» ብሎኛል። ናፍጣ ላይ የሚጣለው ቀረጥ እንኳ ከቤንዚን ያነሰ ነው፤ በሊትር 47 ሳንቲም፣ ቤንዚን 65። ግዙ ሲሉን ገዛን። ከዚያ ተነስተው ዘጉብን። ሊሸጠው የሞከረ ሰው ዋጋው ምን ያህል እንደወረደ ያውቃል። በስደት አገር ሠርቶ የገዛት መኪና ዋጋዋ በአንድ ውሳኔ በግማሽ ሲወርድ ምን ይባላል? ሀብታሙ በማግሥቱ አዲስ ይገዛል። ደሃው ነው ከባቡር ጣቢያ ወዲያ መኪናውን አቁሞ በእግሩ የሚሄደው።

ነርሷ፦

ጋሼ፣ ንዴትዎ ይገባኛል። ግን የትንፋሽ ጉዳይ ከስቲከር በላይ ነው። ከናፍጣ ጭስ የሚወጣው ጋዝ፣ ናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ፣ የአየር ቧንቧን ያስቆጣል። አስም ያለበት ልጅ ይብስበታል። በአውሮፓ ከ2010 ጀምሮ የተፈቀደው የዓመት አማካይ በሜትር ኩብ 40 ማይክሮግራም ነው። እዚህ ሽቱትጋርት ኔካርቶር የሚባለው መንገድ ላይ ያለው መለኪያ በ2016 ስንት አነበበ? 82። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። እዚያ መንገድ ዳር ቤት የሚከራየው ማነው? ኪራይ የሚወደድበት፣ ብዙ ልጆች ያሉት፣ ብዙ ጊዜ እንደኛው ያለ ስደተኛ ነው። «ደሃው ተጎዳ» ካሉ፣ መስኮቱን ከፍቶ ይህንን የሚተነፍሰውም ደሃ ነው።

በ2020 ቁጥሩ 38 ገባ። ሕግ ሥራውን ሠራ።

የታክሲ ሹፌሩ፦

የ2020ውን አታምጪብኝ ልጄ። ኮሮና ነበር፣ ማን ነበር የሚነዳው? መንገዱ ዳርም አየር የሚያጣሩ ማሽኖች ተክለዋል።

ነርሷ፦

በ2019፣ ኮሮና ሳይመጣ፣ 53 ደርሶ ነበር። በ2018 71 ነበር። በአንድ ዓመት እንዲህ የወረደው ያለምክንያት አይደለም።

መካኒኩ፦

ሁለታችሁም የያዛችሁት እውነት ነው። ማጣሪያዎቹም፣ የአውቶቡስ መስመሩም፣ አዳዲስ መኪኖቹም፣ እገዳውም አብረው ሠርተዋል። አንዱን ብቻ ነጥሎ «ይህ ነው ያወረደው» ማለት አይቻልም። እኔ ወደ ሞተሩ ልመልሳችሁ፤ ምክንያቱም ቆጣቢ ያደረገው ነገር ራሱ ነው ያቆሸሸው።

ናፍጣ ሞተር በካንዴላ አያቀጣጥልም። አየሩን አጥብቆ ይጨምቀዋል፤ በዚህ ፓሳት ላይ 16 ለ1 ያህል። አየሩ ከመጨመቁ የተነሳ ስለሚግል ነዳጁ ሲረጭበት በራሱ ይነዳል። ጭመቃው ሲበዛ ከነዳጁ የሚወጣው ሥራ ይበዛል። ቤንዚን ሞተር በዝግታ ሲሄድ አየሩን አንቆ ስለሚያስገባ ጉልበት ያባክናል፤ ናፍጣ ይህ ችግር የለበትም። አንድ ሊትር ናፍጣ ራሱ ከአንድ ሊትር ቤንዚን 10 ከመቶ ገደማ የበለጠ ኃይል አለው። ቁጠባው የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ ነው።

አሁን ጎጂው ጎኑ። በዚያ ግለትና በትርፍ ኦክስጅን ውስጥ አየሩ ላይ ያለው ናይትሮጂን ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል። ነርሷ የምትለው ጋዝ ከዚህ ነው የሚነሳው። ይህን ለማጥፋት ዩሪያ ያለበት ፈሳሽ፣ አድብሉ የምንለው፣ ጭሱ ላይ ይረጫል። ካታሊስት በሚባለው የጭስ ማጽጃ ክፍል ውስጥ ጋዙ ወደ ተራ ናይትሮጂንና ውሃ ይለወጣል። ነገር ግን ጭሱ ቀዝቃዛ ሲሆን ካታሊስቱ ደካማ ነው። ስለዚህ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመለስ መኪና ካታሊስቱ ሳይሞቅ ጉዞው ያልቃል። በኋላ የመጡት ሞተሮች ሁለት ካታሊስት አላቸው፤ አንዱ ሞተሩ አጠገብ ስለሆነ ቶሎ ይሞቃል፣ ሌላው ከወለሉ በታች ነው።

የጥቀርሻ ፊልተሩም አለ። ሲሞላ በ600 ዲግሪ ገደማ ጥቀርሻውን ያቃጥላል። ለዚህ ረዘም ያለ የአውቶባን ጉዞ ይፈልጋል። ከተማ ውስጥ ብቻ የሚነዳ ሰው ፊልተሩ ይዘጋበታል፣ ጋራዥ ይመላለሳል፣ በመጨረሻ «ናፍጣ አይረባም» ይላል። መኪናው አላጠፋም፤ ያለቦታው ነው የዋለው።

ርዕሱን ያነሳው፦

መካኒክ፣ ዩሮ 5ና ዩሮ 6 ላይ ያለህን ንገራቸው። ዋናው ክርክር እዚያ ነው።

መካኒኩ፦

እሺ። ሴፕቴምበር 18 ቀን 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ቮልስዋገን ላይ ያወጣውን ታስታውሳላችሁ። ሶፍትዌሩ መኪናው ፈተና ላይ መሆኑን ለይቶ ያውቅ ነበር፤ መንገድ ላይ ሲወጣ የጭስ ማጽጃውን ሥራ ይቀንሳል። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪና ነበር። ከዚያ በኋላ የጀርመን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2017 በእውነተኛ መንገድ ላይ ያለውን የናይትሮጂን ኦክሳይዶች ልቀት አወጣ። ዩሮ 4 በኪሎ ሜትር 674 ሚሊግራም። ዩሮ 5 906። ዩሮ 6 507። ሕጉ የሚፈቅደው ደግሞ በተራ 250፣ 180 እና 80 ነበር።

ቁጥሮቹን ደግማችሁ እዩአቸው። ዩሮ 5 ከዩሮ 4 የባሰ ነበር። ዩሮ 6 የሚል ወረቀት የያዘው ቀደምት መኪናም ከሕጉ ስድስት እጥፍ ይለቃል፤ ዛሬም መሃል ከተማ ይገባል። እኔ እገዳውን የምተቸው በዚህ ነው። በወረቀት ነው የሚያግደው። የሚወጣውን ጭስ ለክቶ ቢሆን ኖሮ መስመሩ ሌላ ቦታ ይሰመር ነበር። ፈተናው ከላቦራቶሪ ወጥቶ መንገድ ላይ ለሁሉም አዲስ መኪና ግዴታ የሆነው ከሴፕቴምበር 2019 ጀምሮ ነው። ከዚያ ወዲህ የወጣው፣ ዩሮ 6ዲ-ቴምፕና ዩሮ 6ዲ፣ በእውነት ንጹሕ ሆኗል።

የታክሲ ሹፌሩ፦

እንግዲያው ያልኩት ይኸው አይደል? ያጭበረበረው ፋብሪካ ነው፣ የተቀጣው ሹፌሩ ነው።

ርዕሱን ያነሳው፦

ጋሼ፣ በዚህ ሙሉ በሙሉ ከእርስዎ ጋር ነኝ። የጀርመን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሜይ 25 ቀን 2020 ቮልስዋገን ለተታለለ ገዢ ካሣ መክፈል አለበት ብሎ ፈርዷል። በጁን 2023 ደግሞ ለሌሎች ሕገወጥ የማጽጃ ማጥፊያዎች ከግዢው ዋጋ ከ5 እስከ 15 ከመቶ የሚደርስ ካሣ ፈቀደ። ያም ሆኖ ማጭበርበር ያልተረጋገጠበት፣ ግን በአሮጌው ሕግ የተሸጠ መኪና ያለው ሰው ምንም አያገኝም። ይህ ግፍ ነው። ከተማ ሲያግድ ከእገዳው ጋር የምትክ ድጎማ መምጣት ነበረበት፤ ለታክሲ፣ ቤት ለቤት እየዞረ ለሚሠራ፣ ሌሊት ፈረቃ ለሚገባ ሰው። በሌሊት ባቡር በሌለበት ሰዓት ሆስፒታል የሚገባው ሠራተኛ ምን ይሁን?

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦

እኔ በገንዘቡ ልግባ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሳያሰላ ይገዛል። ናፍጣ 1.65 ዩሮ፣ ቤንዚን 1.75 ብለን እንያዝ። ናፍጣው 5.5 ሊትር፣ ተመሳሳዩ ቤንዚን 7 ሊትር ይብላ። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ናፍጣው 1,815 ዩሮ ይፈጃል፣ ቤንዚኑ 2,450። ልዩነቱ 635 ነው። ነገር ግን የመኪና ግብሩ አለ። በሞተር መጠን ብቻ ለናፍጣው 190 ዩሮ ይከፈላል፣ 1.5 ሊትር ለሆነው ቤንዚን 30። 160 ሲቀነስ 475 ዩሮ ይተርፋል። ለቤተሰብ ትንሽ አይደለም።

በዓመት 8,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ለሚነዳስ? ትርፉ 94 ዩሮ ነው። አድብሉና አንድ የፊልተር ጽዳት ይውጡታል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ብቻ የሚዞር ሰው ናፍጣ መግዛቱ ለኪሱም ለጎረቤቱም ጉዳት ነው። እገዳ ባይኖርም አይግዛ።

ነርሷ፦

ካርቦኑስ?

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦

አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.64 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ቤንዚን 2.32። በ100 ኪሎ ሜትር ሲሰላ ናፍጣው 14.5 ኪሎ፣ ቤንዚኑ 16.2 ይሆናል። በዚህ በኩል ናፍጣው ይሻላል፣ ግን ከልዩነቱ በላይ አታግንኑት።

ከአዲስ አበባ የሚከታተል፦

ከእናንተ የተባረረው መኪና የት እንደሚሄድ ማንም አላነሳም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2020 ባወጣው ሪፖርት ከ2015 እስከ 2018 ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ 14 ሚሊዮን ያገለገለ ቀላል ተሽከርካሪ ተልኳል። ከአሥሩ አራቱ አፍሪካ ገባ። ኢትዮጵያ በ2020 አሮጌ መኪና ላይ ኤክሳይዝ ታክሱን እስከ 500 ከመቶ አደረሰች፣ በ2024 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለች። ሌሎች አገሮች ግን አሁንም ይቀበላሉ። ሽቱትጋርት አየሯን አጸዳች፤ ጭሱ ግን አልጠፋም፣ አድራሻ ነው የለወጠው። እገዳ ከሆነ ከነመፍረሻው ይታሰብ። የማያልፍ መኪና እዚያው ይፈታ።

የታክሲ ሹፌሩ፦

ይህኛው ነጥብ ትክክል ነው። እኔ የምጠይቀውም ይኸው ነው፤ መኪናዬን ውሰዱና ዋጋዬን ስጡኝ፣ ለሌላ ሰው ሳንባ አትላኩት።

ርዕሱን ያነሳው፦

እንግዲህ ያለኝን ልበል። እገዳው መቆየት አለበት፣ ምክንያቱም ኔካርቶር ዳር የሚያድግ ልጅ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ አይችልም። መለኪያው ግን መንገድ ላይ የተለካ ልቀት ይሁን። በዚያ ሚዛን ቀደምቱ ዩሮ 6 ይወጣል፣ ዩሮ 6ዲ ይገባል፤ ነዳጁ ናፍጣ ስለሆነ ብቻ አይታገድም። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባጸደቀው አዲስ ሕግ የናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ ወሰኑ በ2030 ከ40 ወደ 20 ይወርዳል። ስለዚህ ይህ ጥያቄ በቅርቡ በየከተማው ተመልሶ ይመጣል፤ የከተማ ምክር ቤት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ሲሆን ገብተን እንናገር።

መካኒኩ፦

ያገለገለ ናፍጣ ሴዳን ልትገዙ ላሰባችሁ አንድ ነገር ብቻ። ሻጩ «ዩሮ 6 ነው» ሲላችሁ አትቀበሉት። የመኪናውን የምዝገባ ወረቀት አስወጡና ቁጥር 14ን አንብቡ። 6ዲ-ቴምፕ ወይም 6ዲ የሚል ካልሆነ ዋጋውን በዚያ ልክ አስቀንሱ። በሳምንት ቢያንስ አንዴ ረጅም መንገድ የማትነዱ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ተዉት።