የ2019 ዕቅድ ረቂቅ፦ ግዢው፣ ተኩሱ እና ያ ቲሸርት

ጸሐፊ፦ አሜሪካ ያለን የአሮጌ ጠመንጃ ሰብሳቢዎች ማኅበራችን የ2019 ዓ.ም. ረቂቅ ይኸው፣ አስተያየት እስከ እሑድ። መስከረም 1 ዓርብ ስለሚውል (ሴፕቴምበር 11) የበዓሉ የዒላማ ተኩስ ቅዳሜ መስከረም 2 ይሁን። ከ34 አባል 32ቱ መቶ መቶ ዶላር ከፍለዋል፣ 3,200 አለን። ከአገር ቤት ወጥተው እዚህ ከሚሸጡት ጠመንጃዎች ውጅግራ (የፈረንሳዩ ግራ) 3፣ የጣሊያኖቹ ቬተርሊ 1ና ካርካኖ 2 ተገዝተው ለዓድዋ በዓል አዳራሹ ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። ቲሸርት 40፣ ደረቱ ላይ ጠመንጃና የጥይት ክሊፕ (ጥይቶቹን አንድ ላይ የሚይዘው)፣ ከሥሩ «ምንሽር 2019»። ናሙናው ተያይዟል።

ቀለህ ለቃሚ፦ ግዢው እንዲህ አይሆንም። አንድ ሰው በማኅበሩ ገንዘብ ሄዶ በስሙ ካርካኖ ቢገዛ፣ የጠመንጃ መግዣው የፌዴራል ቅጽ (4473) ላይ «ለራሴ ነው» ብሎ በሐሰት ፈረመ ማለት ነው። የፌዴራል ወንጀል ነው። ማኅበር መግዛት ይችላል፤ 4473ን ግን ኃላፊው ሞልቶ፣ ጠመንጃው የማኅበሩ ንብረት ነው የሚል የተፈረመ ጽሑፍ ያያይዛል። የሲ ኤንድ አር (የአሮጌ ጠመንጃ ሰብሳቢ) ላይሰንስ ያላችሁም በ30 ዶላር ለሦስት ዓመት ያወጣችሁት ለራሳችሁ ስብስብ እንጂ ለዕቁብ አይደለም። ቀላሉ፣ እስከ 1898 እ.ኤ.አ. የተሠራውን ብቻ መግዛት ነው። በፌዴራል ሕግ አንቲክ ስለሆነ ቅጽም ላይሰንስም የለበትም (የስቴታችሁን ሕግ ለብቻ እዩ)። ውጅግራው ከዚያ አያልፍም። የካርካኖው ዓመት በርሜሉ ላይ ተመትቷል፣ ፎቶ ሳታዩ እንዳትከፍሉ።

ባለ ቤልጂግ፦ ቲሸርቱ ላይ ያለው ምንሽር አይደለም። ካርካኖ ነው።

ጸሐፊ፦ ጠመንጃ ነው። ማን ልብ ይለዋል?

ባለ ቤልጂግ፦ እኛ ነና የምንለብሰው! ምንሽር ማንሊኸር ነው፣ የኦስትሪያ። የማንሊኸሩ ኤም 95 እጀታ ከቦልቱ (ከመቀርቀሪያው) የኋላ ጫፍ ላይ ነው፤ ቀጥ ብሎ ይሳባል እንጂ ወደ ላይ አይነሣም። ሥዕሉ ላይ እጀታው ወደ መሐል ገብቷል። ካርካኖ።

የመርሐቤቴው፦ እኛ አገር ምንሽር የሚባለው ይኸው የጣሊያኑ ነው። የካታሎግ ስም አታምጣብን።

ባለ ቤልጂግ፦ ጣሊያን ለአስካሪዎቹ (ከቅኝ ግዛቱ ለመለመላቸው ወታደሮች) ኤም 95 አድሎ ነበር፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፈውን። ሁለቱም ከአንድ ጠላት እጅ ተማርከው ስማቸው ተደባለቀ። ተደባለቀ ማለት አንድ ሆነ ማለት አይደለም።

ጋሽ ሰናድር፦ ሁለቱም ጥይቱን ከነክሊፑ ይጎርሳሉ፣ ባዶው ክሊፕ በሆዳቸው ይወድቃል። ጣሊያኖች ያንን ዘዴ ከማንሊኸር ነው የወሰዱት። ገበሬው ምንሽር ቢለው ምኑ ላይ ተሳሳተ?

ባለ ቤልጂግ፦ ጋሼ ክሊፑን ካነሡት እሱው ነው የሚያጋልጠው። የካርካኖ ክሊፕ 6 ይይዛል፣ በየትኛውም ጫፉ ቢያጎርሱት ይገባል። የማንሊኸሩ 5 ነው፣ ከገለበጡት አይገባም። ሥዕሉ ላይ 6 ጥይት አለ። ይቁጠሩት።

ማናሳስ፦ ጥይቱን ማን አሰበበት? ለካርካኖ «6.5 ሚሊ» የተጻፈበት ሁሉ አይሆንም። የተለመደው የ6.5 አረር ውፍረቱ 0.264 ኢንች ነው፣ የካርካኖው 0.268። የቀጠነው የበርሜሉን ጥምዝ (በውስጡ የተቆረጠውን ጠመዝማዛ ፈለግ) በደንብ ስለማይይዝ ዒላማው ላይ በጎኑ ይመታል፤ ወረቀቱ ላይ ክብ ቀዳዳ ሳይሆን የቁልፍ ቀዳዳ የሚመስል ታያላችሁ። ከመተኮስ በፊት ለስላሳ የእርሳስ ማዕድን ቁራጭ በዘንግ በበርሜሉ ግፉና የወጣውን በማይክሮሜትር ለኩ። ብዙዎቹ በርሜሎች አፈሙዛቸው በመወልወያ ዘንግ ተበልቷል። ቬተርሊውን ደግሞ ማንም እንዳይተኩስ። በአንደኛው ጦርነት ጊዜ ወደ 6.5 የተቀየረው (1870/87/15 የሚባለው) መቆለፊያው የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ግፊት ነው። በዚያ ላይ ዓድዋ የዋለው ባለ 10.4 ሚሊው ነው፤ የተቀየረውን ሰቅለን «የዓድዋ» ብንል እንሳቃለን። የተኩስ ሜዳውን እኔ እይዛለሁ።

የመርሐቤቴው፦ ባለ ቤልጂግ፣ ከከበደህ ቤልጂግህን፣ ያንን የቤልጂየም ማውዘር፣ ሥለህ ለብቻህ ልበስ።

ባለ ቤልጂግ፦ ስድብ ከሆነ እኔም እችላለሁ። ለተኩሱ ቤልጂጌን አውሳለሁ ያልኩትን ሰርዙት።

ገንዘብ ያዥ፦ ያልከፈሉት ሁለት ሰዎች ሁለቱም እዚህ ቲሸርት ላይ እየተከራከሩ ነው። ስም አልጠራም።

የመርሐቤቴው፦ ነገ እከፍላለሁ ብያለሁ።

ጋሽ ሰናድር፦ ወደ ቁም ነገሩ። ለውጅግራ ጥቁር ባሩድ ብቻ። የጥንት ልኩ 25 ግራም አረር ከ5.25 ግራም ባሩድ ጋር ነው። ላረጀ በርሜል ባሩዱን መቀነስ ደግ ነው፣ ግን አረሩና ባሩዱ መሐል ክፍት ቦታ ከተተወ በርሜል ያሳብጣል፤ ክፍቱን በበቆሎ ዱቄት ሙሉት። ተኩሳችሁ ስታበቁ በዘይት ሳይሆን በፈላ ውኃና በሳሙና እጠቡ፣ በዚያው ቀን። ያደረ እንደሆነ በርሜሉ ቀይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። የሚገዛውን ስትመርጡ አንገቱን እዩ፤ ሰደፉ ከብረቱ የሚገናኝበት ላይ ነው የሚሰነጠቀው። በጠፍር ወይም በቆርቆሮ የታሰረ ካገኛችሁ እንዳትፈቱት። ብርጭቆ ወረቀት የሚያስነካው ሰው ካለ ገንዘቤን መልሱልኝ፤ የኛ ሰው እጅ ያለበት ያ ጠፍር ነው፣ የቀረውማ ፈረንሳይ አገርም ይገኛል።

ቀለህ ለቃሚ፦ ቤት ውስጥ ያሉት የተኩስ ቦታዎች በጭሱ ምክንያት ጥቁር ባሩድ አያስገቡም፣ ሜዳ ግድ ነው። ማናሳስ ያዝከው? እንግዳ የምታመጡም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ግሪን ካርድ ያለው ችግር የለበትም። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን የአደን ፈቃድ ወይም በሕጉ የተዘረዘረ ሌላ ምክንያት ከሌለው መያዝም አይችልም፤ «አንዴ ብቻ ይሞክር» የሚባል የለም።

ጸሐፊ፦ ስለ ቲሸርቱ፦ ጽሑፉ «ውጅግራ 2019» ቢሆንስ? ሁሉንም ያስማማል።

የመርሐቤቴው፦ እሱ ይሻላል።

ባለ ቤልጂግ፦ ሥዕሉም ይቀየራል ማለት ነዋ። ውጅግራ ተብሎ ካርካኖ ከተሣለ የባሰ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ሣዩ እንደገና ለመሣል 180 ዶላር ይላል።

ባለ ቤልጂግ፦ ይገባዋል። ቤልጂጓን መልሳችሁ ጻፏት፣ ለበዓሉ ስል ነው። ጥይቱ 7.92 በ57 ሚሊ። እዚህ ሱቅ «8 ሚሊ ማውዘር» እየተባለ የሚሸጠው የአሜሪካ ሥሪት ሆን ተብሎ ደከም ተደርጎ ስለሚሞላ ለአሮጌ ጠመንጃ ይስማማል። ከጦር የተረፈውን ርካሽ ጥይት የሚያመጣ ግን እሱም በውኃ ያጥባል፤ ፕራይመሩ (ባሩዱን የሚለኩሰው) ጨው ይተዋል፣ ጨው ደግሞ በዘይት አይለቅም።

እናት ማኅበር፦ የሴቶችና የልጆች መጠን የለም? ኮፍያስ?

ጸሐፊ፦ ቲሸርቱ 60 ይሁን፣ ኮፍያ 25።

ቀለህ ለቃሚ፦ ማናሳስ፣ ሜዳው?

ቀለህ ለቃሚ፦ ማናሳስ?

ጋሽ ሰናድር፦ ስልክም አያነሣም። ሜዳ ሳይያዝ ባሩድ አልገዛም።

ገንዘብ ያዥ፦ ሒሳብ። ቲሸርት 60 በ14 ዶላር 840። ኮፍያ 25 በ16፣ 400። ሣዩ 180። አዳራሽ 700። ከ3,200 ሲቀነስ 1,080 ይቀራል። በዚህ ስድስት ጠመንጃ አይታሰብም። አንድ ደህና ውጅግራና መስተዋት ያለው ሣጥን።

ቀለህ ለቃሚ፦ ዕቅዱ ጠመንጃ ለመሰብሰብ ነበር እኮ።

የመርሐቤቴው፦ ኮፍያው ይሸጣላ፣ በሚቀጥለው ዓመት ይገዛል።

ጸሐፊ፦ የተስተካከለው ረቂቅ፦ ውጅግራ 1፣ አንገቱ በጠፍር የታሰረ እንዲሆን (ጋሼ ይመርጣሉ)። ቲሸርት 60፣ ኮፍያ 25። መስከረም 2 አዳራሽ ውስጥ ምሳና ቡና። ተኩሱ ለየካቲት 23 ሰሞን ተላልፏል፣ ሜዳ ከተገኘ። ድምፅ ስጡ። አዲሱ ናሙና ተያይዟል።

የመርሐቤቴው፦ እሺ።

እናት ማኅበር፦ እሺ። ኮፍያው ጥቁር ይሁን።

ጋሽ ሰናድር፦ እሺ፣ ሳልወድ።

ባለ ቤልጂግ፦ ጠመንጃው አሁን ልክ ነው። ክሊፑ ግን አሁንም አጠገቡ አለ፣ ስድስት ጥይቱን እንደያዘ። ውጅግራ እኮ አንድ ጎራሽ ነው፣ ክሊፕ ምን ያደርግለታል?

ገንዘብ ያዥ፦ ሌላ 180 የለም።